አግዳሚዋ

ዛሬ ሳይክሌን ይዤ ሰፈራችን ጎሚስታ ጋር ሄድኩ። የኋላው ጎማ ተንፍሷል።

«ቁጥርህን ተውልኝ፣ ሲያልቅ እደውላለሁ» አሉኝ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ከባጃጁ ጎማ ሳያነሱ።

ዞር ብዬ አግዳሚዋን ፈለግኳት። የለችም። ድሮ ሐዋሳ ጎማ ማስለጠፍ ማለት እኮ እሷ ላይ መቀመጥ ነበር። ካላማዳሪው ሳፋው ውስጥ ሲነከር አረፋው ከየት እንደሚወጣ ሁላችንም አጎንብሰን እንገምታለን። ያወቀ ሻይ ይጋበዛል። (እኔ አንድም ቀን አልጠጣሁም።) የሚቸኩል ካለ እንግዳ ነው።

«አግዳሚዋስ ጋሼ?»

«ለባጃጅ ቦታ ጠበበና አነሳኋት። ደግሞ ማን ይቀመጣል?»

ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ ሰዉም ባጃጁም በዝቷል። ሥራ መጣ፣ አልጠላሁም። ሳፋዋም አለች። አረፋውን የሚያዩት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቁጥሬን አልተውኩም። ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ።