ስልሳ ዘጠኝ ቀን የራሴን ገንዘብ ደጅ ስጠና

ሙኒክ የደረስኩት በ2016 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት ነው። ማታ ደመራው ተለኩሶ፣ ጃኬቴ ጭስ እየሸተተ ወደ ቦሌ ሄድኩ፤ ጠዋት ፍራንክፈርት፣ ከሰዓት በኋላ በባቡር ሙኒክ። የባቡር ጣቢያው የቆዳ ቁምጣ በለበሱ ወንዶችና ሽርጥ ባሸረጡ ሴቶች ተጨናንቋል። የባህል ቀን መሰለኝ። ኦክቶበርፌስት መሆኑን የነገረኝ የሆስቴሉ ሂሳብ ነው፤ አሥር ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ ለአንድ ሌሊት 95 ዩሮ። በዓሉ በዚያ ዓመት እንደ ፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር 16 እስከ ኦክቶበር 3 ነበር። እኔ ትምህርት የሚጀመርበትን ቀን ብቻ አይቼ ቲኬት ቆርጬ፣ የዓለም ቢራ ጠጪ ሁሉ በተሰበሰበበት ሳምንት መሐል ገባሁ። ስድስት ሌሊት አደርኩ፤ 570 ዩሮ።

ከዚያ በፊት ያለው መንገድ ብዙ የሚወራለት አይደለም። አመለከትኩ፣ ተቀበሉኝ፣ ማስረጃዎቼን አስተረጎምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ፣ የቪዛ ቀጠሮ ጠበቅኩ፣ ቪዛ አገኘሁ። ወረፋው ያደክማል እንጂ አያሳስትም፤ የሚጠየቀው ወረቀት በዝርዝር ተጽፏል፣ ዝርዝሩን የተከተለ ይወጣዋል። ከባዱ ተማሪዎች ብሎክድ አካውንት የሚሉት የታገደ ሂሳብ ነበር። የጀርመን መንግሥት ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆንህን ገንዘብ አስቀድመህ እንድታስገባ ይጠይቅና በየወሩ ቆርሶ ይሰጥሃል። በእኔ ጊዜ 11,208 ዩሮ፣ በወር 934 ነበር። ከግማሽ በላዩን ቨርጂኒያ ያለች አክስቴ ከፈለች፤ የቀረውን ቤተሰቡ ተረባርቦ ሞላው። የእናቴ ዕቁብ ደግሞ ለቲኬቱና ለኪስ ገንዘብ ሆነ። 2,700 ዩሮ ይዤ ወጣሁ። ሀብታም ነኝ ብዬ ነበር።

እዚህ ላይ ማንም ያላስረዳኝን ነገር ልናገር። ያ 934 ዩሮ የሙኒክ ወጪ ተጠንቶ የወጣ ቁጥር አይደለም። በዚያን ጊዜ ለጀርመን ተማሪዎች ይሰጥ የነበረው የመንግሥት ድጎማ ከፍተኛ ጣሪያ ነበር፤ ርካሽ ለሆነችው ላይፕሲግም ለሙኒክም አንድ ነው። ሙኒክ ውስጥ በጋራ ቤት አንዲት ክፍል ከ700 ዩሮ በላይ ትጠየቅ ነበር። የጤና መድን ለተማሪ ከ100 ዩሮ ያልፋል። እነዚህ ሁለቱ ከወጡ በኋላ ምን እንደሚተርፍ ለመቁጠር ማስተርስ አያስፈልግም። ኤምባሲው «ይበቃል» ያለው ለቪዛው እንጂ ለሆድህ አይደለም።

ሆስቴሉ ውስጥ ከላይኛው አልጋ የሚተኛ ከህንድ፣ ከፑኔ የመጣ ልጅ ነበር። ጀርመን ውስጥ ከውጭ ከመጡ ተማሪዎች በቁጥር አንደኛ ህንዶች ናቸው፤ ብዛታቸው ብቻ ሳይሆን አመጣጣቸውም ይለያል። ይህ ልጅ ከባንክ የትምህርት ብድር ወስዶ፣ ወለዱ ከመቼ እንደሚቆጠር እያወቀ፣ የመጀመሪያዎቹን አርባ ቀናት ወጪ ቀን በቀን በሰንጠረዥ ሠርቶ ነው የመጣው። ሆስቴሉ ውስጥ የነበረው ለሁለት ሌሊት ብቻ ነው። ከዚያ በወር 850 ዩሮ ወደ ተከራየው የግል የተማሪዎች መኖሪያ ይገባል፤ ውሉን ፑኔ ሆኖ ነው የፈረመው። ሰማሁና በልቤ ሳቅኩበት። 850! በወላጅ ዕዳ የሚቀብጥ አልኩት። እኔ ከተማው ውስጥ ሆኜ በዓይኔ አይቼ ርካሽ ቤት እመርጣለሁ።

መረጥኩም። ኖይፐርላኽ የሚባል ሰፈር፣ ዕቃ የተሟላላት ክፍል፣ ከምድር ባቡሩ አምስት ደቂቃ፣ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ፣ በወር 690። ማስታወቂያው ግርጌ ላይ «ኦነ አንመልዱንግ» ይላል። በስልኬ ተረጎምኩት፦ «ያለ ምዝገባ»።

ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ አለኝ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የቀበሌ ወረፋ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ መሸኛ፣ ምስክር፣ ፎቶ፣ ዛሬ ኃላፊው የለም፣ ነገ ና። ያለ ምዝገባ ሲለኝ፣ የሠለጠነ አገር እንዲህ ነው፣ ከቀበሌ ገላገሉኝ ብዬ የአንድ ወር ኪራይ 690 እና 1,000 ዩሮ መያዣ በዚያኑ ቀን ከፈልኩ። ቃሉ ግን «መመዝገብ አያስፈልግህም» ማለት አይደለም። «እዚህ አድራሻ መመዝገብ አትችልም» ማለት ነው። አከራዬ ራሷ ተከራይ ናት፤ ለሦስት ወር ወደ ስፔን ስትሄድ ክፍሏን ከቤቱ ባለቤት ደብቃ ለእኔ ሰጠች።

ጀርመን ውስጥ ከገባህ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻህን ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ለመመዝገብ አከራይህ «ይህ ሰው እኔ ጋ ገብቷል» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ከሌለህ የምዝገባ ማስረጃ የለህም። ማስረጃው ከሌለህ፣ የሄድኩበት ባንክ ሂሳብ አይከፍትልህም። የጀርመን ሂሳብ ከሌለህ የታገደው ገንዘብህ የሚፈስበት ቧንቧ የለም። ገንዘቡ ካልመጣ ደግሞ ምዝገባ የሚፈቀድበት ሌላ ቤት ለመከራየት መያዣ የለህም። ሥራስ? የግብር መለያ ቁጥርህ በፖስታ የሚላክልህ በተመዘገብክበት አድራሻ ነው። እንደ ቀለበት ዞሮ ዞሮ እዚያው።

በስልክ ብቻ ሂሳብ የሚከፍት ባንክ ሞከርኩ። ካሜራው ፊት ፓስፖርቴን ወደ ግራ አዙር፣ ወደ ቀኝ አዙር ተባልኩና በመጨረሻ «የዚህ አገር ፓስፖርት በዚህ መንገድ አይረጋገጥም» የሚል መልእክት መጣ። ለአከራዬ ጻፍኩላት። በፀሐይ መነጽር ፎቶ ታጅቦ «ማስታወቂያው ላይ ተጽፎ ነበር እኮ» የሚል መልስ ላከች። እውነቷን ነው፤ ተጽፎ ነበር።

የምዝገባ ቀጠሮ ያገኘሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሕጉ ሁለት ሳምንት ይላል፣ ቀጠሮው ሦስት። ያለ ወረቀቱ ሄድኩ፤ እንደ አገሬ ፊቴን አይተው ያዝኑልኛል ብዬ ይሆናል። ሠራተኛዋ ትሑት ነበረች፤ ያበሸቀኝም ትሕትናዋ ነው። «አከራይዎ ወረቀቱን የመስጠት ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው» አለችኝ። አውቃለሁ። «እንግዲያው ስማቸውን ይስጡኝ፤ እኛ እንጽፍላቸዋለን።» ዝም አልኩ። ስሟን ብሰጥ የቤቱ ባለቤት ይሰማል፣ ባለቤቱ ከሰማ እሷም እኔም በማግስቱ ውጭ ነን። ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር፤ ቁልፉ ግን ከእሷ ጋር። «ሌላ የማደርገው የለም፤ መልካም ቀን» ብላ ቀጣዩን ቁጥር ጠራች። እስከ ዛሬ ያ የቁጥር መጥሪያ ድምፅ ሲሰማኝ ሆዴን ይቆርጠኛል።

በዚያ ሳምንት አንድ ሰው 300 ዩሮ ብከፍለው በአድራሻው እንደሚያስመዘግበኝ ነገረኝ። ብሩ ቢኖረኝ ኖሮ አደርገው እንደነበር አልክድም። ድህነቴ አዳነኝ። አድራሻውን ለማይኖርበት ሰው ለምዝገባ የሚሰጥ እስከ 50,000 ዩሮ ሊቀጣ እንደሚችል ያወቅኩት ቆይቶ ነው።

ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ሲም ካርድና የ29 ዩሮውን የተማሪ ትራንስፖርት ትኬት ከገዛሁ በኋላ የቀረኝ ለምግብም የሚያስተማምን አልነበረም። የኖቬምበር ኪራይ ቀኑ ሲደርስ የፑኔውን ልጅ 700 ዩሮ ለመንኩት። ያ የሳቅኩበት ልጅ በኦክቶበር አጋማሽ ተመዝግቦ፣ ሂሳብ ከፍቶ፣ የመጀመሪያውን 934 ተቀብሎ ተቀምጧል። ሰንጠረዡን ከፈተና «ያልታሰበ ወጪ» ከሚለው መስመር ላይ ቀንሶ ሰጠኝ። ያልታሰበው ወጪ እኔ ነበርኩ። አክስቴ ስትደውል ግን ኢዛር ወንዝ ዳር የተነሳሁትን ፎቶ እየላክሁ «ሁሉ ሰላም» እላለሁ። ስድስት ሺህ ዩሮ ያወጣችን ሴት እንዴት ራበኝ ትላታለህ? ከእናቴ ሻንጣ የወጣችው የሽሮ ዱቄት ጠዋትም ማታም ሆነች።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጋሼ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ተመዝግበሃል?» አሉኝ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ሙኒክ የቆየ ሐበሻ አዲስ መጤን የሚጠይቀው ስምና አገር ሳይሆን ይህንን ነው። «አዎ» አልኳቸው። ቤታቸው ምሳ ጋበዙኝ። ባለቤታቸው እትዬ ሁለተኛ ጊዜ ሳነሳ ዝም አሉ፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲጨምሩልኝ እምቢ ሳልል ሲቀር ወደ ባላቸው ዞረው «ይሄ ልጅ አልተመዘገበም» አሉ።

ቅዳሜ ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ፤ የልጃቸው የነበረች ጠባብ ክፍል። ጋሼ ወረቀቱን ወዲያው አልፈረሙልኝም። መጀመሪያ ለቤቱ ባለቤት ድርጅት ጽፈው ፈቃድ ጠየቁ፤ አሥር ቀን ፈጀ። እኔ በትዕግሥት ማጣት ስቅበዘበዝ እሳቸው «በሩን ከፍተህ የገባህበት ቤት በሩን ከፍተህ ትወጣበታለህ» ይሉኛል። ገና የመጀመሪያው ቀን፣ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ ስሜን በወረቀት ቆርጠው የፖስታ ሳጥናቸው ላይ ለጥፈዋል። ይህም የማላውቀው ነበር፤ ሳጥኑ ላይ ስምህ ከሌለ ፖስተኛው ደብዳቤህን ይመልሰዋል፤ የባንክ ካርድህና የምስጢር ቁጥሩ ደግሞ ለየብቻ በፖስታ ነው የሚመጡት።

የመጀመሪያው 934 ዩሮ የገባው ዲሴምበር 6 ነው። ከመጣሁ ስልሳ ዘጠነኛ ቀኔ።

መያዣዬን አከራዬ ይዛ ቆየች። በማርች 640 ዩሮ መለሰች፤ 360ውን ለማብሰያ ቤት ጠረጴዛ ጭረትና «ለደረሰብኝ እንግልት» አለች። ጭረቱን የገባሁ ቀን ፎቶ አላነሳሁትም፤ እሷ ግን የወጣሁ ቀን አንስታዋለች። ሒሳቡን አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። የፑኔው ልጅ ክፍል ከእኔው በወር 160 ዩሮ ትበልጣለች፤ በሦስት ወር 480። እኔ በትርፍ ሆስቴል አዳር፣ በቀረብኝ መያዣና ከፍዬ ባልኖርኩበት የኖቬምበር ኪራይ ከ1,100 በላይ አጥቻለሁ። ርካሹ ቤት እሱ ዘንድ ነበር።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ የምለው ከመመሪያው ጋር አይገጥምም። መመሪያዎቹ «መጀመሪያ ቤት ፈልግ፣ ከዚያ ተመዝገብ» ይላሉ፤ ቤት ፍለጋ የአንድ ከሰዓት ሥራ ይመስል። እኔ የምለው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቤት አትፈልግ፤ የምዝገባ ወረቀት ግዛ፣ አልጋው ምርቃት ነው። የተጋነነ ዋጋ ክፈል፣ ግን የመኖሪያው አስተዳደር ወረቀቱን እንደሚሰጥህ በጽሑፍ ሳያረጋግጥልህ አትክፈል። «ውጭ አገር ነኝ፤ ብሩን ላክና ቁልፉን በፖስታ እልክልሃለሁ» የሚልህ ሌባ ነው፤ ክርክር የለውም። የተማሪዎች መኖሪያ ለሚያከራየው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት (ሽቱዲረንደንቨርክ) ማመልከት በተፈቀደልህ የመጀመሪያ ቀን አመልክት፤ ሙኒክ ውስጥ ተራው የሚቆጠረው በሴሜስተር ነው። በካቶሊክና በፕሮቴስታንት ድርጅቶች ለሚተዳደሩት መኖሪያዎች ደግሞ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ጻፍ፤ ሰው ይዘነጋቸዋል። የመደበኛ ኪራይ መያዣ በሕግ ከሦስት ወር መሠረታዊ ኪራይ አይበልጥም፣ በሦስት ጊዜ መክፈልም ይቻላል፤ ይህን ባውቅ አንድ ሺውን በአንዴ አልቆጥርም ነበር።

ከታገደው ሂሳብ ውጭ ቢያንስ 3,000 ዩሮ ይኑርህ። ከሌለህ አንድ ዓመት ቆይ ማለቴ ነው፤ ጨካኝ ይበሉኝ። «ደርሰህ ትሠራለህ» የሚሉህን አትስማ። ከማርች 2024 ጀምሮ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ይችላል፤ ቀድሞ 120 ነበር። ነገር ግን ጀርመንኛ ለማይችል አዲስ መጤ የመጀመሪያው ሴሜስተር የሥራ ሳይሆን የወረቀት ነው። የታገደው ሂሳብም ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ 11,904 ዩሮ ሆኗል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በብር ሲቆጠር እኔ ከመጣሁበት ጊዜ ከእጥፍ በላይ ነው። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ከ2024/25 የትምህርት ዓመት ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ አዲስ የማስተርስ ተማሪዎች በሴሜስተር ከ4,000 እስከ 6,000 ዩሮ ያስከፍላል። እንደ ማግደቡርግ ወይም ኬምኒትስ ያለ ርካሽ ከተማ ከተቀበለህ ሂድ እላለሁ። እኔ እሄድ ነበር ወይ? አይመስለኝም። ሙኒክ የሚለውን ስም ለእናቴ ጎረቤቶች ማስነገር ፈልጌ ነበር።

ባለፈው ወር ከባሕር ዳር አንድ ልጅ ጻፈልኝ፤ ተቀብለውታል፣ ቪዛውም ወጥቷል። የክፍል ማስታወቂያ ፎቶ አያይዞ «ጋሼ፣ ይሄ ሰፈር ከባቡር ይርቃል?» ይላል። ጋሼ መባሌ ትንሽ አሳቀኝ። 560 ዩሮ፣ ዕቃ የተሟላለት፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት። ፎቶውን በጣቴ ወደ ላይ ገፋሁና ግርጌውን አየሁ። አገር ቤት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ደወልኩለት።