ጮክ ተብሎ የሚነበብ ትራክት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ትራክት፣ ማለትም ስለ ክርስቶስ የሚናገር አጭር የታተመ ወረቀት፣ መስጠት ለሚፈልግ ሰው አንድ ምክር አለኝ። ከቤት ከመውጣትህ በፊት ወረቀቱን ጮክ ብለህ አንብበው። እኔ የማነበው ለእናቴ ነው። እሷ «ምን ለማለት ነው?» ያለችውን ትራክት ይዤ አልወጣም። እዚህ ወረቀት ለብቻ አይነበብም። በተለይ ከከተማ ወጣ ሲሉ አንዱ ያነባል፣ ቤቱ ሙሉ ይሰማል። አንባቢው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተማሪ ልጅ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመ ልጁ ይደናቀፋል፣ ሰሚውም ተስፋ ይቆርጣል።

ስለዚህ ፊደሉ ተለቅ ያለ፣ ታሪክ ያለበት ትራክት እመርጣለሁ። ከሁሉም የሉቃስ 15 የጠፋው ልጅ ይበልጥብኛል። አገሩ የገበሬ ነው። አባቱ በሕይወት እያለ ድርሻዬን ስጠኝ የሚል ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጥቅሱም ከ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ለትልልቆቹ ጆሮ ቅርብ ነው።

እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ። ዘመዶቼ አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው። የሌላውን እምነት የሚነቅፍ ትራክት በፍጹም አልይዝም። በንግሥ ቀንም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አላድልም። ወደ ቆላው፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናቸው፤ መጀመሪያ አስፈቅዳለሁ። አልፈልግም ያለኝን አመስግኜ አልፋለሁ። ስለ ክርስቶስ ፍቅር የሚናገር ወረቀት በግድ አይሰጥም።

አሰጣጡም ወግ አለው። ደብረ ብርሃን ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ቆሞ ሳለ ወረቀት ብትዘረጋለት እጁን አያወጣልህም። እኔ መናኸሪያ ስደርስ ሰላምታ አስቀድማለሁ፤ «እንደምን አደሩ» እላለሁ፣ ዕቃ ያለው ካለ አግዛለሁ። ወረቀቱ የሚወጣው አውቶቡሱ ውስጥ ገብተን ወሬ ከጀመርን በኋላ ነው። በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ብዬ። ከፈቀዱ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ራሴ አነብላቸዋለሁ። በጅምላ ሱቅ ላይ ትቶ መሄድን አልወደውም። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ በትራክት ተጠቅልሎ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ አንጀቴን ነው የበላኝ።

አንድ ጊዜ ጣርማ በርን ስንወርድ አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። የጠፋውን ልጅ ትራክት ስሰጣቸው «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉኝ። ቀጥለው ግን መቀነታቸውን ፈቱና ወረቀቱን ከብራቸው ጋር አጥፈው ቋጠሩት። «የልጅ ልጄ ያነብልኛል» አሉ። ከጊዜ በኋላ ስልኬ ጠራ። አንድ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ አያቴ ታላቅየው ልጅ ኋላ ገባ ወይስ እንዳኮረፈ ቀረ ብለህ ጠይቅልኝ ብላ ነው» አለኝ። መጽሐፉ አይናገርም፣ ታላቅየው ለወንድሙ መመለስ ወደተደረገው ግብዣ አልገባም ብሎ አባቱ ወጥቶ ሲለምነው ነው ታሪኩ የሚያበቃው አልኩት። ከኋላ የእናቲቱ ድምፅ ተሰማኝ፤ «ታዲያ አባትየው ደጅ ቆሞ ቀረ?»

ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ ተሰብኮ ሰምቻለሁ። እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም። እግዚአብሔር ደጅ ወጥቶ የሚለምን አባት መሆኑን ያን ቀን በስልክ ብዙ አወራን።

ለዚህ ነው ከትራክቱ ጀርባ ሁልጊዜ ስልክ ቁጥር በእጄ የምጽፈው። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ የነቢዩ የኢሳይያስ መጽሐፍ በእጁ ነበር። ፊልጶስ ሰረገላው ላይ ወጥቶ አብሮት ባይቀመጥ ግን ስለ ማን እንደተጻፈ አያውቅም ነበር። የማይነሳ ስልክ ከመጻፍ አለመጻፍ ይሻላል።

«ይሄ ከየት የመጣ አዲስ ነገር ነው?» የሚሉኝ ሽማግሌዎችም አሉ። ጥያቄያቸውን አከብራለሁ። በዚሁ በእኛ አገር የሆነውን እነግራቸዋለሁ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1839፣ ክራፕፍ የሚባል ሚስዮናዊ አንኮበር መጥቶ የታተሙ ቅዱሳት መጻሕፍት ያድል ነበር። አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ ካይሮ ሆኖ የተረጎመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉው ታትሟል። አንኮበር ሲባል ፊታቸው ይፈታል፤ ወሬው ከዚያ ይቀጥላል።

አሁን ከትራክቱ ጋር ለብቻው የታተመ የሉቃስ ወንጌልም እይዛለሁ። የምሰጠው «ከዚያስ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው ነው። ለእኚያ እናትም በልጁ እጅ ልኬላቸዋለሁ፤ ልጁ ከምዕራፍ 1 ጀምሮ እያነበበላቸው ነው።