መስመሩ ሳይወጣ ሲቀር

ባለፈው ሳምንት ነው። እዚሁ ባህር ዳር ለአንድ የግል ሆስፒታል ነርስነት አመልክቼ ፈተናውንም ኢንተርቪውንም አልፌ “ሜዲካል ብቻ ነው የቀረሽ” ተባልኩ። ሽንት አምጪ ሲሉኝ እርግዝና ሊያዩ ነው ብዬ ሳቅኩ። ለካ የዕፅ ምርመራ ነው።

የላብራቶሪው ልጅ የመመርመሪያውን ስትሪፕ ሽንቱ ውስጥ ነክሮ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ይሄ ነገር የእርግዝና ምርመራ ተገላቢጦሽ ነው፤ መስመር ከወጣ ነፃ ነሽ፣ ካልወጣ ነው ጉዱ። ፈዛዛም ብትሆን መስመር መስመር ናት። በሌሎቹ ዕፆች ቦታ ላይ ወጣ። ሞርፊን የሚለው ላይ ግን ባፈጥ ባፈጥ የለም። ልጁ ቀና አለና “ሲስተር፣ ምን ወስደሽ ነበር?” አለኝ።

ኮዲን ነዋ! ከሁለት ቀን በፊት ጥርሴን አስነቅዬ ኮዲን ያለው ፓራሲታሞል ታዞልኝ ነበር። ኮዲን ጉበት ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ሞርፊን ይሆናል፤ ህመም የሚያስታግሰውም በዋናነት በዚሁ ነው። እኛ ሀበሾች ደግሞ በዚህ ሳንፈጥን አንቀርም። በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከታዩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም ጂን ተደራርቦ፣ ማለትም ከተለመደው በላይ ቅጂ ኖሮት፣ ተገኝቷል።

ማዘዣውን አወጣሁ። ልጁ ገባው። የሰው ሀይል ቢሮ ያሉት ሴትዮ ግን ወረቀቱን ሳያዩ “ፖዘቲቭ ፖዘቲቭ ነው” አሉኝ። ስትሪፕ እኮ ጥርጣሬ ነው፤ ማረጋገጫው በማስ ስፔክትሮሜትሪ (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ) የሚሠራው ምርመራ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ምን መድኃኒት እንደወሰድሽ የሚጠይቅ ሐኪም ያስፈልጋል። ይደገምልኝ ስል ሽንቱ ተደፍቷል።

የሚያናድደኝ ሌላው ነው። ዎርድ ውስጥ ተቆልፎበት በፊርማ የሚወጣው ፔቲዲን የሚባለው ኃይለኛ የህመም ማስታገሻ አይደል? ሞርፊን የሚፈልግ ተራ ስትሪፕ ፔቲዲንን አያይም፤ ትራማዶልንም እንዲሁ። ከከተማው ትንሽ ወጣ ሲሉ ማሳ ሙሉ የሚታየው ጫት እንኳ ስትሪፑ ላይ ለብቻው ቦታ አልተሰጠውም። (ጫት ይመርመር እያልኩ አይደለም፣ ያንን ቢጀምሩ ማን ሊቀጠር ነው!) የሚሰርቅ ሰው ካስፈራቸው በየፈረቃው የመርፌ መድኃኒቱን አምፑል ይቁጠሩ፣ ቁልፉ ማን ኪስ እንዳደረ ይጠይቁ።

ማታ ጓደኛዬ ሀይቁ ዳር አሳ ጥብስ ጋበዘችኝ። በቀኝ መንጋጋዬ ብቻ እያኘክሁ አዲስ ማመልከቻ በስልኬ ጻፍኩ። ጥርሴ ሲጠዘጥዘኝ አሁን ኢቡፕሮፌን ነው የምውጠው።