ቆሻሻ መስሎኝ የጠረግኩት ዜማ

ሥራዬ የድሮ የብራና መጻሕፍትን ስካን አድርጎ በኮምፒውተር ማጽዳት ነው። አንድ ጊዜ ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ መጣልን። በየመስመሩ መካከል ጥቃቅን ፊደላት፣ ጭረትና ነጥብ ሞልቶበታል። ፊደሎቹስ ግድ የለም፣ ነጥቦቹ ግን ዓይኔን ረበሹኝ። የቀለም ፍንጣሪ ነው ብዬ ማጣሪያውን ለቀቅኩበት። 140 ገጽ ፏ አለ። ኮራሁ!

በማግስቱ ሊያርሙ የመጡት መሪጌታ ስክሪኑ ላይ እያዩ ማዜም ጀመሩ። ድንገት ቆሙ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ ይዘት ነበረ። የት ሄደ?»

«ምን ነበረ የኔታ?»

«ይዘት! ነጥቧ!»

ለካስ ይዘት ማለት ያቺ አንዲት ነጥብ ናት። ርክርክ ደግሞ የነጥቦች ሰልፍ ነው፤ ድምፅ እየተንጠባጠበ ይወርድበታል። ትርጓሜም አላቸው። ይዘት የጌታን መያዝ፣ ርክርክ የደሙን መንጠባጠብ ያስታውሳል። እኔ ያንን ነው በአንድ ክሊክ ጠርጌ የጣልኩት።

ትንንሾቹ ፊደላት ይበልጥ ገረሙኝ። እያንዳንዳቸው ከሌላ የታወቀ የዜማ ቃል የተቀነጨቡ ናቸው። «ያን ቃል በምታዜምበት ስልት ይኼንንም በል» ማለት ነው። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው ይባላል፤ የምልክቱ ሥርዓት ግን በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ የዜማ ሊቃውንቱ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያዘጋጁት ነው። እንግዲህ ያንን የመጀመሪያ ቃል በቃሉ ያልያዘ ሰው ፊደሉን ቢያይ ምን ሊረዳው? ምንም።

ይኼን ስሰማ ትንሽ ልከራከር ቃጣኝ።

«እርስዎ ግን ሁሉንም በቃልዎ ያውቁት የለ?»

«አውቀዋለሁ። አስታዋሽ የሚያስፈልገውም ለሚያውቅ ነው። ላልተማረማ ምልክቱ ዝንብ ነው።»

ደግነቱ ዋናውን ስካን አላጠፋሁትም ነበር። 140ውን ገጽ እንደገና ከፍቼ፣ በዓይኔ እያየሁ፣ እድፉን ብቻ በእጄ መልቀም ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አለቃዬ ስለ መዘግየቱ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ያጠራጠረኝን ነጥብ ሁሉ ለየኔታ አሳይ ነበር። «ይዘት»፣ «ርክርክ»፣ «እሱም ርክርክ» ይሉኛል። አንዷ ላይ ሲደርሱ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ቀረብ አሉና ሳቁ።

«ይኼስ እውነትም ዝንብ ነው። ጥረገው።»