ሌዘር ሳልነካ የብርሃን ምት ስቀርጽ

ጎንደር ሆኜ ማስተርሴን ስሠራ እጅግ አጭር የብርሃን ምት የሚተኩስ የፌምቶሰከንድ ሌዘር አጠገቤ አልነበረም (ፌምቶሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። የነበረኝ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕና ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ የሚያልፍባቸውን ክሪስታልና ፋይበር (የመስታወት ክር) በስሌት ሠራኋቸው።

ለኳንተም ግንኙነት ፎቶን (ነጠላ የብርሃን ቅንጣት) መልእክት የሚሸከምበት መንገድ ብዙ ነው፤ እኔ የያዝኩት የምቱን ቅርጽ ነው። ባለ አንድ ጉብታ ምት አንድ ፊደል፤ ባለ ሁለት ጉብታ፣ ሁለተኛው ምልክቱ የተገለበጠ፣ ሌላ ፊደል። ሁለቱ በጊዜም በቀለምም ስለሚደራረቡ ተራ ማጣሪያ አይለያቸውም። ኖንሊኒየር ክሪስታል (ሁለት ብርሃን ደምሮ ሌላ ቀለም የሚያወጣ) ግን ይለያቸዋል። በ2011 በጀርመን ተመራማሪዎች በቀረበው ዘዴ መሠረት የ1550 ናኖሜትር ፎቶን ከ860 ገደማ ከሆነ ብርቱ የሌዘር ምት ጋር ሊቲየም ኒዮቤት የተባለ እንዲህ ያለ ክሪስታል ውስጥ ይገባል። ቅርጻቸው ከገጠመ ፎቶኑ 553 ናኖሜትር ግድም፣ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ ካልገጠመ እንዳለ ያልፋል። ዋናው ነገር ሁለቱ ገቢዎች ክሪስታሉ ውስጥ እኩል መራመዳቸው ነው፤ አረንጓዴው ወደኋላ ይቅር።

ይህ ብዙም አላስቸገረኝም። ጉዴ የወጣው ፋይበሩ ላይ ነው። የ100 ፌምቶሰከንድ ጋውሲያን (ደወል መሳይ) ምት 35 ናኖሜትር ያህል የቀለም ስፋት አለው፤ ተራ ፋይበር ደግሞ በኪሎሜትር፣ ለእያንዳንዱ ናኖሜትር ልዩነት፣ 17 ፒኮሰከንድ (አንዱ 1000 ፌምቶሰከንድ ነው) ያለያያል። ለጥምቀት ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ አጃቢው አብሮ ይነሳል፤ ወጣቱ እየጨፈረ ይቀድማል፣ አዛውንቱ በቀስታ ይከተላል። ቀለሞቹም እንደዚያው።

በስሌቴ ውስጥ ፋይበሩ 40 ሜትር ላይ ሲደርስ ምቱ በደቃቅ ሞገድ ተሸበሸበ። ግኝት መስሎኝ ሁለት ሳምንት ተጠበብኩበት፤ ግራፉንም በኩራት ለአማካሪዬ አሳየኋቸው።

«ለመሆኑ ስሌትህ የሚያየው የጊዜ መስኮት ስንት ነው?» አሉኝ።

«20 ፒኮሰከንድ።»

«ምቱስ አሁን ስንት ደርሷል?»

ቆሜ አሰላሁት፤ 24። አፈርኩ። ምቱን በቀለም የሚበትነው ስሌት፣ ፉሪየር ትራንስፎርም፣ መስኮቱን እንደ ቀለበት ነው የሚያየው፦ በቀኝ የወጣ ጭራ በግራ ተመልሶ ይገባና ከራሱ ጋር ይጋጫል። የሚያናድደው፣ ጠቅላላ ጉልበቱን ፈትሼ ነበር፤ ግን የወጣው ስለሚመለስ ምንም አይጎድልም። ከዚያ ወዲህ ጉልበትን ትቼ የመስኮቱን ጠርዝ ደቃቁን ጭምር በሚያሳይ የሎጋሪዝም ሚዛን ነው የማየው፤ እዚያ ባዶ ካልሆነ አላምንም።

መስኮቱን ወደ 80፣ በውስጡ ያሉትን የስሌት ነጥቦችም አራት እጥፍ አደረግሁ። ሽብሽቡ ጠፋ። ቀጥሎ ፋይበሩ የሚያመጣውን የቀለሞች መለያየት የሚሽር ተቃራኒ ፌዝ (የሞገድ ደረጃ) ምቱ ላይ ቀድሜ ጫንኩበትና ላክሁት። ተዘርግቶ ገባ፤ 40 ሜትሩ ሲያልቅ ተሰብስቦ 100 ፌምቶሰከንድ ሆነ። ግራፉን ሳላስቀምጥ መብራት ሄደ።