ኦርጋኑ ዝም ሲል

በላቲን ሥርዓት በሚቀደስበት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ስጫወት ከሁሉ የከበደኝ ዝም የሚባልበትን ጊዜ ማወቅ ነበር። ካህኑ ጸሎተ ቅዳሴውን ሲያሰማ ዜማ ከሥር እንዳስከትል የሚለምኑኝ ምእመናን ነበሩ፤ ሐሳባቸው በጎ ቢሆንም፣ የሮማው ቅዳሴ መመሪያ በዚያ ሰዓት ኦርጋንም ሆነ ሌላ መሣሪያ እንዳይሰማ ያዛል። በዐቢይ ጾምም፣ ከጥቂት በዓላትና ከአራተኛው እሑድ በቀር፣ ኦርጋኑ የሚፈቀደው መዝሙሩን ለመደገፍ ብቻ ነው።

የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ በላቲን ለሚዘመረው ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ለግሪጎርዮሳዊው ዜማ፣ በሮማው ሥርዓት ቀዳሚውን ስፍራ ሰጥቶ፣ የየሕዝቡ የዜማ ትውፊትም ተገቢው ክብር እንዲሰጠው አሳስቧል። በአገራችን በግእዝ ሥርዓት የሚቀድሱ ካቶሊካውያን ስላሉ ይህ ለእኔ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን የዜማ ስልቶች ትውፊታችን ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል።

የጥንት የግሪጎርዮሳዊ ዜማ ብራናዎችን ሥዕል መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ የታወሰኝ ድጓ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ትንንሾቹ ምልክቶች ከቃሉ በላይ ተጽፈው ድምፅን ይመራሉ፣ በሁለቱም ዘንድ ዜማው የሚነሣው ከቃሉ ነው። ስለዚህ መዘምራኑን ሳለማምድ አስቀድመን ጽሑፉን ያለ ዜማ፣ ቀስ ብለን፣ እስትንፋስ የሚወሰድበትን ቦታ እየለየን እናነበዋለን፤ ኦርጋኑን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።