ከበሮው ከእጁ ቀድሞ ሲሰማ

«ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል» ብለው ነው ወደ ጥገና ሱቃችን የደወሉት። ቤቱ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ቴሌቪዥኑ 55 ኢንች ፍላትስክሪን፣ ገና አዲስ። ከእኛ በፊት ያየው ባለሙያ «ፓነሉ ተበላሽቷል፣ ይቀየር» ብሏቸዋል፤ ፓነል ማለት ምስሉ የሚታይበት ስክሪኑ ነው። የፓነል ዋጋ ደግሞ አዲስ ቴሌቪዥን ከመግዛት ብዙም አይተናነስም። የቤቱ እናት ተጨንቀዋል። በሳምንቱ መጨረሻ የልጅ ልጃቸው ሰርግ ነው። እንግዳው በተሰበሰበበት የሙሽራዋን ወላጆች ሰርግ፣ ያንን የድሮ የካሴት ቪዲዮ፣ ሊያሳዩ አስበዋል።

እንዲህ ዓይነት ሥራ እወዳለሁ። ካሴቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግማሾቹ ዛሬ የሉም። ስለዚህ ቸኩሎ «ተቃጥሏል» ማለት ያናድደኛል።

ከቴሌቪዥኑ ሥር ዕቃው ተደርድሯል። አሮጌ ቪዲዮ ዴክ፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ ትልቅ ስፒከር። በመሀል ደግሞ አንዲት ቀጭን የብረት ሳጥን አለች። አሜሪካ ያለው ልጃቸው የላካት ቪዲዮ ፕሮሰሰር ናት። ሁሉም አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተዋል።

የዚህች ሳጥን ሥራ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኛ አገር የተቀረፀ የድሮ ካሴት በአብዛኛው ፓል በሚባለው ሥርዓት ነው። ምስሉ 625 መስመር አለው፤ ዓይን የሚያየው 576ቱን ነው። እሱም ባንዴ አይመጣም። መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ይመጣሉ፤ በሰከንድ 50 ጊዜ እንዲህ ይፈራረቃሉ። የዛሬ ቴሌቪዥን ደግሞ 1080 ወይም 2160 መስመር አለው፤ የሚያሳየውም ሙሉውን ባንዴ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መሀል ገብቶ ግማሾቹን ማጋጠምና የጎደለውን መሙላት አለበት። ቴሌቪዥኑ ራሱ ይህን ይሠራል፤ ግን ለድሮ ካሴት ብዙ አይጨነቅም። ፕሮሰሰር የሚገዛው ይህንኑ በጥንቃቄ እንዲሠራ ነው። ከዴኩ በቢጫው ጃክ ይቀበላል፣ አስተካክሎ በኤችዲኤምአይ ለቴሌቪዥኑ ይሰጣል።

ረዳቴ ጎበዝ ልጅ ነው፤ እጁ ግን ይፈጥናል። ገብቶ ሳይቀመጥ ኤችዲኤምአዩን ሊነቅል እጁን ሲዘረጋ «ቆይ!» አልኩት። ቴስተር አውጥቼ የፕሮሰሰሩን የብረት አካል ነካሁት። የቴስተሩ አምፖል ደብዘዝ ብሎ በራ። ልጁ ደነገጠ።

ባለ ሁለት እግር ቻርጀሮች ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻ ለማፈን የምትገባ ትንሽ ካፓሲተር አለች። በእሷ በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ዕቃው ብረት ያልፋል። ቻርጀሩ ደህና ከሆነ ሰው አይገድልም፤ እጅን ነዘር ብቻ ያደርጋል። ቤቱ ደህና አርዝ ቢኖረውና ዕቃዎቹ ከእሱ ጋር ቢገናኙ ወደ መሬት ይሄድ ነበር። አርዝ ከሌለ ግን ሁለት ዕቃ በገመድ ስታገናኝ በመካከላቸው ያለው የቮልት ልዩነት በዚያው ገመድ ያልፋል። የኤችዲኤምአይ ቺፕ ደግሞ በትንንሽ ቮልት የሚሠራ ስስ ነገር ነው። የዲሹ ገመድ ከጣሪያ ብረት ጋር የተያያዘ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ በክረምት መብረቅ ሲያጉረመርም ደግሞ አይጣል ነው። «ፓነሉ ሞቷል» እየተባሉ ሱቃችን ከሚመጡት ቴሌቪዥኖች ውስጥ የሞተው የኤችዲኤምአይ መግቢያው ብቻ የሆነ ስንቱን አይቻለሁ! ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉም ከሶኬት ይነቀል፤ የዲሹም ገመድ ይፈታ። ከዚያ ነው ገመድ መንካት። ቻርጀሩንም ገልብጠን አየነው። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ስለሆነ 120 ቮልት ብቻ ቢሆን በእኛ 220 ይነድ ነበር። ደግነቱ ከ100 እስከ 240 ይላል።

መልሰን ሰካንና መጀመሪያ ዲሹን ከፈትኩ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። መስመር የለ፣ ጥቁር ነጥብ የለ። የሞተ ፓነል ዲሽ ሲሆን ድኖ ካሴት ሲሆን አይታመምም። የፓነሉ ወሬ እዚያው አለቀ።

«እማማ፣ ካሴቱ ሲታይ ምኑ ነው ደስ ያላልዎት?» አልኳቸው።

«ከበሮው ቀድሞ ይሰማል፣ እጁ ኋላ ነው የሚደርስ» አሉ። «እስክስታውም ይንተባተባል። ደግሞ ሰው ሁሉ ወፍሯል! እኔ ያኔ እንደ ሸንበቆ ነበርሁ ልጄ።»

ከዚህ በላይ ምርመራ የለም። ሦስቱንም ችግር ነግረውናል። ካሴቱን አጫወትነው። የከበሮ መቺው እጅ ገና አየር ላይ እያለ ድው ይላል። እጁ ቆዳውን ሲነካ ድምፁ የለም፤ አልፏል።

በወፍራሞቹ ጀመርኩ። የድሮው ምስል አራት ለሦስት ነው፤ ወደ ካሬው ይጠጋል። አዲሱ ስክሪን 16 ለ9። ፕሮሰሰሩ ምስሉን ወደ ጎን ለጥጦታል። ቴሌቪዥኑ ደግሞ በበኩሉ ዙም ላይ ነው፤ የሙሽራውን ዘውድ ከላይ ቆርጦታል። ሁለቱም የየራሳቸውን ያስተካክላሉ። ፕሮሰሰሩን አራት ለሦስት ላይ አድርጌ ቴሌቪዥኑን «ምንም አትንካ፣ የመጣልህን አሳይ» ወደሚለው ሴቲንግ መለስኩት። አንዳንዱ ጀስት ስካን፣ አንዳንዱ ስክሪን ፊት ይለዋል። በግራና በቀኝ ጥቁር ባዶ ቀረ። አንደኛው የልጅ ልጅ «ስክሪኑ አልሞላም እኮ» ብሎ ቅር አለው። ይቅር! አያቱ በመልካቸው ይታዩ።

እስክስታው ጊዜ የወሰደው የሳጥኗን ሜኑ በመፈለግ እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ፕሮሰሰሩ የሚያወጣው በሰከንድ 60 ምስል ነበር፤ የአሜሪካው ልማድ 60 ነዋ። ካሴቱ 50 ነው። 50ውን 60 ለማድረግ በየአምስቱ አንዱን ይደግመዋል። ሰው ቆሞ ሲያወራ ላይታወቅ ይችላል። ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ግን በሰከንድ አሥር ጊዜ ይሰናከላል። ጎንደር ውስጥ እስክስታ ተሰናክሎ ማን ዝም ይላል? ወደ 50 ቀየርኩት። ትከሻዎቹ ፈሰሱ። እማማ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እልል አሉ።

ከበሮው ግን የቀጣጠሉ ጣጣ ነው። ድምፁን ከዴኩ በቀጥታ ወደ ስፒከሩ ወስደውታል፤ ጎላ ብሎ እንዲሰማ። ምስሉ ግን በሁለት ፌርማታ ነው የሚያልፈው። ፕሮሰሰሩ ግማሾቹን ለማጋጠም ጥቂቶቹን ይዞ ያነጻጽራል። እያንዳንዱ ግማሽ ምስል 20 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ሦስቱን ቢይዝ 60 ሆነ። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ተቀብሎ በራሱ መንገድ ሌላ ማለስለስ፣ ሌላ ማጥራት ይጨምርበታል። ድምፁን የሚያቆመው የለም። የብሮድካስት ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት መለኪያ ድምፅ ከምስል ወደ 45 ሚሊ ሰከንድ ሲቀድም ሰው ይነቃበታል። ሲዘገይ ግን እስከ 125 ገደማ አይነቃበትም። ደግሞም ልክ ነው፤ ከሩቅ የሚመታ ከበሮ ሁሌም ከእጁ ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ቀድሞ ሲመጣ ነው ጆሮ የሚቆጣው።

ነጩንና ቀዩን የድምፅ ጃክ ከስፒከሩ ነቅዬ ወደ ፕሮሰሰሩ አስገባሁ። ድምፁና ምስሉ አብረው በኤችዲኤምአይ ይሂዱ። ስፒከሩ ከቴሌቪዥኑ የድምፅ መውጫ ይቀበል። ቀጥሎ የቴሌቪዥኑን የእንቅስቃሴ ማለስለሻና የምስል ብናኝ ማጥፊያ ሁሉ አጠፋሁ፣ ሻርፕነሱን (የምስሉን ጠርዝ የሚያጎላውን) ዝቅ አደረግሁ፣ ጌም ሞድ ላይ አዋልኩት። ረዳቴ «ጌም ሞድ ለካሴት?» አለኝ። አዎ። ጌም ሞድ ማለት ቴሌቪዥኑ እጁን ሰብስቦ የተቀበለውን ቶሎ ያሳያል ማለት ነው። ምስሉን የሚያስተካክል ሳጥን ገዝተህ ስታበቃ ቴሌቪዥኑም እንደገና ካስተካከለው ውጤቱ የሁለት ሰው ጭቅጭቅ ነው። ሥራው የፕሮሰሰሩ ከሆነ ለፕሮሰሰሩ ይተውለት። ካልተስማማህ ሳጥኑን አውጥተህ ለቴሌቪዥኑ ተውለት። ከድሮ ካሴት ጋር በተያያዘ ከተጠራንባቸው ቤቶች አብዛኛው ላይ ያገኘነው ይህንኑ ነው።

ድው ሲል እጁም ቆዳው ላይ ሆነ።

ልጃቸው ከአሜሪካ በስልክ ነበር። «ወንድሜ፣ የላክሁት ዕቃ ነው እንዴ ያበላሸው?» አለኝ። ዕቃው ደህና ነው፤ ጥሩ ዕቃ ነው የላክኸው፣ የሚያስተካክለው ሰው ሳይኖር ነው የመጣው አልኩት።

ከመውጣታችን በፊት ግን አንድ ነገር ለመንኳቸው። የሰርጉ ቀን ካሴቱን እንዳያጫውቱት። በጨዋታው መሀል መብራት ቢጠፋ ክሩ ዴኩ ውስጥ እንደተጠመጠመ ይቀራል፤ ሲመለስ ሊያኝከው ይችላል። ዴኩም ቢሆን ዛሬ አዲስ የሚሠራው የለም፤ የመጨረሻው የጃፓን አምራች ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። አሁን የተስተካከለውን ምስል ከፕሮሰሰሩ መውጫ ወደ ፍላሽ እንገልብጠው፤ እንግዳው ፍላሹን ይይ አልኳቸው። ተስማሙ። መቅረጫውን ከሱቅ እንዲያመጣ ረዳቴን በባጃጅ ላክሁት፤ እሱ እስኪመለስ እኔ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠነጠንኩ።